«ደከመ»፣ «ነቀዘ»፣ «ፈረሰ»፣ «ወየበ»፦ የድቅል ፔሮቭስካይትን መጎሳቆል በፍካቱ የመለየት ዘዴና የአማርኛ አገላለጹ

አጠቃሎ

ድቅል ፔሮቭስካይት የሚባሉት ቁሶች የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ በመለወጥ ረገድ በአጭር ጊዜ ከፍተኛ ውጤት አሳይተዋል። ነገር ግን በእርጥበት፣ በሙቀት፣ በኦክስጅንና በራሱ በብርሃን ይጎሳቆላሉ። ይህን ለውጥ ዓይን ሳያየው በፊት ከሚያሳውቁት ዘዴዎች አንዱ፣ ቁሱ ብርሃን ተቀብሎ የሚያወጣውን የራሱን ብርሃን በስፔክትሮስኮፒ መመርመር ነው። ይህ ጽሑፍ ዘዴውን ለቋንቋ ባለሙያዎች ያብራራል። ዘዴው ለይቶ የሚያሳያቸውን ለውጦች «ተበላሸ» በሚል አንድ ግሥ መጠቅለል የምርመራውን ውጤት ከአንባቢው ይሰውራል፤ አማርኛ ግን ልዩነቶቹን ለመያዝ የሚችሉ ግሦች በእጁ አሉት። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ይህ ነው።

1. መነሻ

«ተበላሸ» በዕለት ተዕለት አማርኛ እጅግ ሰፊ ግሥ ነው። ወጥ ይበላሻል፤ መንገድ ይበላሻል፤ ሰዓት ይበላሻል፤ ጠባይም ይበላሻል። ግሡ ነገሩ ለታሰበለት አገልግሎት እንደማይውል ይናገራል። ጉዳቱ ከየት እንደ ጀመረ፣ ምን ያህል እንደ ዘለቀና ይመለስ እንደሆነ ግን አይናገርም። የተበላሸ ሰዓት ይጠገናል፤ የተበላሸ ወጥ ይደፋል። ሰሚው ሁለቱን የሚለያቸው ከግሡ ተነሥቶ አይደለም፤ ወጥንና ሰዓትን አስቀድሞ ስለሚያውቃቸው ነው። ግሡ ያልተናገረውን ስሙ ይሞላዋል።

ቁሱ አዲስ ሲሆን ይህ መሙላት አይቻልም። አንባቢው ፔሮቭስካይትን በቤቱም በመንደሩም አላየውም። ሁለት ናሙናዎች ለብርሃን ተጋልጠው ሁለቱም ደበዘዙ እንበል። አንደኛው ጨለማ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል፤ ሁለተኛው ግን ምንም ያህል ቢቆይ አይመለስም። በአማርኛ የቀረበው ዘገባ «ሁለቱም ናሙናዎች ተበላሹ» ካለ፣ በቤተ ሙከራ የተገኘው ዋናው ዕውቀት ከዐረፍተ ነገሩ ወጥቷል። አንባቢውም የጠፋውን ነገር ከራሱ ልምድ ሊተካው አይችልም።

ጉዳዩ የቃላት ምርጫ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በስፋት የሚጠኑት ድቅል ፔሮቭስካይቶች የእርሳስ ማዕድን በውስጣቸው አለ። ከመፈራረሳቸው የሚገኘው የእርሳስ አዮዳይድ ደግሞ በውሃ በጥቂቱ ይሟሟል። የደከመ ንብርብርና የፈረሰ ንብርብር ለአምራቹ ሁለት የተለያዩ የዋጋ ጥያቄዎች ናቸው፤ ለተጠቃሚው ደግሞ ሁለት የተለያዩ የደኅንነት ጥያቄዎች ናቸው።

2. ስሙና ቁሱ

በ1839 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ጉስታፍ ሮዘ ከኡራል ተራሮች የመጣ አንድ ማዕድን መረመረ፤ በሩሲያዊው ባለሥልጣንና ማዕድን ሰብሳቢ በሌቭ ፔሮቭስኪ ስምም «ፔሮቭስካይት» ብሎ ጠራው። ማዕድኑ የካልሲየም፣ የታይታኒየምና የኦክስጅን ውሁድ ነው። ስሙ ከሰው ወደ ማዕድን ከተሻገረ በኋላ፣ ከማዕድኑ ደግሞ አተሞቹ ወደ ተሰለፉበት ሥርዓት ተሻገረ። ዛሬ በፀሐይ ሴል ውስጥ የሚገባው ፔሮቭስካይት ካልሲየምም ታይታኒየምም የለበትም፤ ከቀድሞው ማዕድን ጋር የሚጋራው አሰላለፉን ነው።

በዚህ አሰላለፍ አንድ የብረት አዮን በስድስት አሉታዊ አዮኖች ተከቦ ስምንት ገጽ ያለው ቅርጽ ይሠራል። እነዚህ ቅርጾች በማዕዘኖቻቸው ተያይዘው ሲዘረጉ በመካከላቸው ክፍት ስፍራ ይተዋሉ፤ በዚያ ስፍራም ትልቅ አዎንታዊ አዮን ይቀመጣል። በብዛት በተጠናው ዓይነት የብረቱን ቦታ እርሳስ፣ የአሉታዊውን ቦታ አዮዳይድ፣ የመካከሉን ቦታ ደግሞ ሜቲላሞኒየም የሚባል ኦርጋኒክ አዮን ይይዙታል። ኦርጋኒክና ኢኦርጋኒክ ክፍሎች በአንድ ክሪስታል ስለ ተዋሐዱበት ቁሱ «ድቅል» ይባላል። «ዲቃላ» የሚለው ቅርጽ በአማርኛ የስድብ ጥላ ስላለበት፣ በእርሻ ሳይንስ ዘንድ የተለመደው «ድቅል» ለዚህም አገልግሎት የተሻለ ነው።

በ2009 እ.ኤ.አ. በጃፓን የጹቶሙ ሚያሳካ የምርምር ቡድን ይህን ቁስ በፀሐይ ሴል ውስጥ ተጠቅሞ 3.8 በመቶ የሚሆን የመለወጥ ብቃት አገኘ። ከዚያ ወዲህ በቤተ ሙከራ የሚሠሩ ትንንሽ ሴሎች ብቃት ከ25 በመቶ አልፏል። ንብርብሩ ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ ከ1 ማይክሮሜትር አይበልጥም፤ ከፈሳሽ ውህድም በቀላሉ ሊቀባ ይችላል። ብቃቱ እንዲህ ሲጨምር ዋናው ጥያቄ ወደ ዕድሜው ዞረ። ለገበያ የሚቀርብ የፀሐይ ፓነል በ85 ዲግሪ ሴልሺየስና በ85 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት 1000 ሰዓት እንዲቆይ የሚያደርግ የታወቀ የፍተሻ ሥርዓት አለ። ሜቲላሞኒየም ያለበት ንብርብር ግን በ85 ዲግሪ ሙቀት ብቻውን፣ እርጥበትም ሳይጨመርበት፣ መፈራረስ ሊጀምር ይችላል።

3. ፍካት፣ ነጸብራቅና ግለት

ዘዴውን ለማስረዳት አስቀድሞ ሦስት የብርሃን ዓይነቶችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ነጸብራቅ ነው። መስተዋት ወይም የተወለወለ ብረት የመጣለትን ብርሃን ይመልሳል፤ አረንጓዴ ብርሃን ከመጣለት አረንጓዴ ይመልሳል። ሁለተኛው ግለት ነው። የጋለ ብረት ወይም የምድጃ ፍም የሚያበራው ስለ ሞቀ ነው፤ ሲበርድ ብርሃኑም ይጠፋል። ሦስተኛው ከሁለቱም ይለያል፤ ቁሱ ብርሃኑን ወደ ውስጡ ይወስዳል፣ ሳይግልም የራሱ የሆነ ሌላ ቀለም ያለው ብርሃን ያወጣል።

ሌሎች ቋንቋዎችም ለዚህ ሦስተኛው ዓይነት ስም ያገኙት ዘግይተው ነው። ጆርጅ ስቶክስ በ1852 እ.ኤ.አ. ለክስተቱ «ፍሎረሰንስ» የሚል ስም ሲያወጣ ቃሉን የወሰደው ክስተቱ ከሚታይበት ከፍሎራይት ማዕድን ስም ነው። ኢልሃርድ ቪደማን በ1888 እ.ኤ.አ. ከሙቀት ላልመጣ ብርሃን ሁሉ የሚያገለግል «ሉሚነሰንስ» የሚል ጥቅል ስም አቀረበ፤ መሠረቱም የላቲን «ብርሃን» ነው። አንደኛው ስም ከዕቃ፣ ሁለተኛው ከጠባይ ተነሣ። ሰፊውን ሐሳብ የተሸከመው ከጠባይ የተነሣው ነው።

በአማርኛ ለዚህ ጠባይ የሚቀርበው ግሥ «ፈካ» ነው። አበባ ይፈካል፤ ሰማይ ይፈካል፤ የሰው ፊትም ይፈካል። በሁሉም ዘንድ ብሩህነቱ ከነገሩ ከራሱ የወጣ ሆኖ ይታሰባል። «አንጸባረቀ» ግን ከውጭ የመጣ ብርሃንን መመለስን ያስታውሳል። ስለዚህ «ፍካት» ለጥቅሉ ክስተት ይስማማል። «ውሃ ወለድ በሽታ» እንደሚባለው ሁሉ «ብርሃን ወለድ ፍካት» ከብርሃን የተነሣውን፣ «ኤሌክትሪክ ወለድ ፍካት» ደግሞ ከኤሌክትሪክ የተነሣውን ይለያሉ። አንድ ማሳሰቢያ ግን ያስፈልጋል። በዕለት ቋንቋ የፈካ ነገር ለዓይን ይታያል፤ የአዮዳይድ ፔሮቭስካይት ፍካት ግን ለዓይን ከሚታየው ቀይ ጫፍ አጠገብ ወይም አልፎ ስለሚወድቅ የሚያየው መሣሪያ ነው።

የፍካቱ አሠራር እንደሚከተለው ነው። ከሌዘር የመጣ ብርሃን ኤሌክትሮንን ዝቅ ካለው የኢነርጂ ደረጃ ወደ ከፍተኛው ያወጣዋል፤ በስፍራውም ባዶ ቦታ ይቀራል። በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለው ክፍተት በየቁሱ የተወሰነ ነው፤ በሜቲላሞኒየም የእርሳስ አዮዳይድ 1.6 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይሆናል። ኤሌክትሮኑ ወደ ባዶው ቦታ ሲመለስ ሁለት መንገድ አለው። በአንደኛው መንገድ የክፍተቱን ያህል ኢነርጂ ብርሃን አድርጎ ይለቃል፤ የሞገድ ርዝመቱም 775 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። በሁለተኛው መንገድ በክሪስታሉ ውስጥ ባለ ጉድለት ተይዞ ኢነርጂውን በሙቀት ያባክነዋል። ፍካትን መመርመር ማለት ከሁለቱ መንገዶች የትኛው እንደሚበዛ፣ ክፍተቱም እንደ ቀድሞው መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ነው።

4. አራቱ ምልክቶች

መሣሪያው የሚሰጠው ሥዕል አንድ ጉብታ ያለው መስመር ነው። ከዚህ ጉብታ አራት የተለያዩ ነገሮች ይነበባሉ።

የመጀመሪያው ድምቀት ነው፤ ይህም የጉብታው ከፍታ ወይም ስፋቱን ጨምሮ የሚይዘው ጠቅላላ ብርሃን ነው። ጉድለቶች ሲበዙ ብዙ ኤሌክትሮኖች በሙቀት መንገድ ስለሚሄዱ ድምቀቱ ይቀንሳል። ይህ ቅነሳ ከኤሌክትሪኩ ጋር ቀጥተኛ ዝምድና አለው፤ በመደበኛ የክፍል ሙቀት የፍካቱ ብቃት በ10 እጅ ሲቀንስ ቁሱ ሊሰጥ ከሚችለው ቮልቴጅ 60 ሚሊቮልት ገደማ ይጠፋል።

ሁለተኛው የአናቱ ቦታ ነው፤ ጉብታው በየትኛው የሞገድ ርዝመት ላይ ከፍ እንደሚል ያሳያል። ይህ ቁሱ ምን እንደሆነ የሚናገር ምልክት ነው። አናቱ ሳይዛወር ድምቀቱ ብቻ ከቀነሰ ቁሱ ያው ሆኖ ጉድለት በዝቶበታል ማለት ይቻላል። አናቱ ከተዛወረ ወይም ሁለተኛ ጉብታ ከበቀለ ግን የቁሱ ይዘት ወይም አሰላለፍ ተለውጧል።

ሦስተኛው የጉብታው ስፋት ነው። በክፍል ሙቀት የጥሩ አዮዳይድ ንብርብር ጉብታ በከፍታው እኩሌታ ላይ ሲለካ ከ40 እስከ 50 ናኖሜትር ገደማ ይሰፋል። ከዚህ በላይ መስፋት በንብርብሩ ውስጥ ይዘታቸው ወይም አሰላለፋቸው እኩል ያልሆነ ስፍራዎች መኖራቸውን ይጠቁማል።

አራተኛው ከሌዘሩ አጭር ምት በኋላ ፍካቱ እስኪከስም የሚወስደው ጊዜ ነው። ጉድለት በበዛበት ንብርብር ጥቂት ናኖሴኮንድ ብቻ ይቆያል፤ በጥሩ ንብርብር መቶዎች ናኖሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ሊዘልቅ ይችላል። በአንዳንድ ቋንቋዎች ይህ ጊዜና የፀሐይ ሴሉ የአገልግሎት ዘመን በአንድ ቃል ስለሚጠሩ ግራ ያጋባሉ። አማርኛም ለሁለቱም «ዕድሜ» ቢል ያው ይደርስበታል። ለመጀመሪያው «ቆይታ»፣ ለሁለተኛው «ዕድሜ» ማለት ግን ምንም ማብራሪያ ሳይጨመርበት የናኖሴኮንዱን ነገር ከዓመታቱ ይለየዋል።

እነዚህ አራት ምልክቶች ከአንድ ነጥብ ላይ ብቻ ሳይሆን ከንብርብሩ ገጽ በሙሉ ሊወሰዱ ይችላሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ለዓይን ወጥ የሚመስል ንብርብር እንኳ ደማቅና ፈዛዛ ቅንጣቶች ጎን ለጎን የተቀመጡበት ሆኖ ይገኛል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተሙ ጥናቶች በቅንጣቶች መካከልም ሆነ በወሰኖቻቸው ላይ እንዲህ ያለ ልዩነት እንዳለ በግልጽ አሳይተዋል።

5. አራት ለውጦች፣ አራት ግሦች

ሁሉንም ለውጦች በጥቅል ለመጥራት «መጎሳቆል» ተስማሚ ነው። የተጎሳቆለ ነገር ከጊዜና ከአያያዝ የተነሣ ከቀድሞ ሁኔታው ዝቅ ብሏል፤ ይመለስ አይመለስ ግን በቃሉ አልተወሰነም። ከዚህ ጥላ ሥር አራት ግሦች የየራሳቸውን ሥራ ሊይዙ ይችላሉ።

ደከመ። የደከመ ሰው ሲያርፍ ይበረታል። አዮዳይድና ብሮማይድ በተቀላቀሉበት ፔሮቭስካይት የሚታየው ክስተት ለዚህ ግሥ ግልጽ ምሳሌ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኤሪክ ሆክና የባልደረቦቹ ጥናት፣ እንዲህ ያለ ንብርብር ሲበራበት በ1.68 ኤሌክትሮን ቮልት፣ ማለትም በ740 ናኖሜትር ገደማ፣ አዲስ ጉብታ እንደሚያበቅል አሳየ። ብርሃኑ አዮዳይድና ብሮማይድን ወደ ተለያዩ ስፍራዎች ያለያያቸዋል፤ አዮዳይድ የበዛባቸው ስፍራዎችም ኤሌክትሮኖችን ስበው በዝቅተኛ ኢነርጂ ይፈካሉ። ናሙናው ጨለማ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ አዲሱ ጉብታ ይጠፋል፤ የቀድሞው ይመለሳል። ቁሱ ከይዘቱ ያጣው ነገር የለም።

ነቀዘ። የነቀዘ እህል ከላይ ሙሉ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ተቦርቡሯል። ብዙ ጊዜ የፔሮቭስካይት ጉዳት በንብርብሩ ጠርዝ፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ወይም በቅንጣቶች ወሰን ይጀምራል፤ የቀረው ክፍል ገና ደህና ነው። አማካይ ልኬት ይህን አያሳይም፤ የገጹን ካርታ የሚያወጣ የፍካት ምርመራ ግን ያሳያል። «ንቅዘት» የሚለው ስም በአስተዳደር ቋንቋ ከሙስና ጋር ስለ ተያያዘ፣ ግሡን ከቦታው ጋር ማለት፣ ለምሳሌ «ንብርብሩ በጠርዙ ነቅዟል» ማለት፣ ይመረጣል።

ፈረሰ። አሰላለፉ ተበትኖ ቁሱ ሌላ ቁስ ሲሆን ፈረሰ ይባላል። እርጥበት ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። መጠነኛ እርጥበት ወደ ሜቲላሞኒየም የእርሳስ አዮዳይድ ሲገባ የውሃ ሞለኪውል የያዘ ቀለመ ፈዛዛ ክሪስታል ይሠራል፤ ሲደርቅ ግን ወደ ጥቁሩ ዓይነት ይመለሳል። ውሃው ሲበዛና ሲቆይ ኦርጋኒኩ ክፍል ይለቃል፤ የሚቀረውም የእርሳስ አዮዳይድ ነው። ኦክስጅንና ብርሃን አንድ ላይ ሲሆኑም እንዲሁ ነው፤ በብርሃን የተነሣው ኤሌክትሮን ወደ ኦክስጅን ተላልፎ ሱፐርኦክሳይድ የሚባል አጥቂ አዮን ይፈጥራል፤ ይህም ሜቲላሞኒየሙን ያፈርሰዋል። እርጥበት በአንዱ መጠን ያደክማል፣ በሌላው ያፈርሳል ማለት ነው። የጉዳቱ መንስኤ የጉዳቱን ዓይነት ብቻውን አይወስንም።

ወየበ። ነጭ ልብስ በጊዜ ብዛት እንደሚወይብ፣ ጥቁር ቡናማው ንብርብርም በስተመጨረሻ ወደ ቢጫ ይሄዳል። የእርሳስ አዮዳይድ ቢጫ ነውና። ይህ ለዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ ሲታይም አብዛኛውን ጊዜ ረፍዷል። በተጨማሪም «ወየበ» የመልክ ስም እንጂ የምክንያት ስም አይደለም። ፎርማሚዲኒየም የሚባለው ኦርጋኒክ አዮን ያለበት ፔሮቭስካይት በክፍል ሙቀት ምንም ሳይጎድልበት አሰላለፉን ለውጦ ቢጫ ሊሆን ይችላል፤ ወደ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሞቅ ደግሞ ወደ ጥቁሩ አሰላለፍ ይመለሳል። ሁለቱም ወይበዋል፤ በአንደኛው ይዘቱ ሄዷል፣ በሁለተኛው ግን ይዘቱ በስፍራው አለ።

6. ምልክቶቹ የሚያሳስቱበት ጊዜ

«ደመቀ» ሁልጊዜ ምስጋና፣ «ደበዘዘ» ሁልጊዜ ወቀሳ የሚመስለው በዕለት ቋንቋ ነው። በፍካት ምርመራ ግን ሁለቱም ሊገለበጡ ይችላሉ። ፔሮቭስካይቱ ኤሌክትሮኖችን ከሚቀበል ሌላ ንብርብር ጋር ሲነካካ ኤሌክትሮኖቹ ከመፍካታቸው በፊት ወደዚያ ይሻገራሉ፤ ፍካቱም ይደበዝዛል። ይህ ሴሉ ሥራውን እየሠራ መሆኑን የሚያሳይ በጎ ምልክት ነው። በተቃራኒው አንዳንድ ንብርብሮች በአየር ውስጥ ሲበራባቸው መጀመሪያ ላይ ይደምቃሉ፤ ብርሃንና ኦክስጅን አንዳንድ ጉድለቶችን ለጊዜው ስለሚሸፍኗቸው ነው። ያው ኦክስጅን መጋለጡ ሲቀጥል የማፍረሱን ሥራ ይጀምራል። ስለዚህ ከምልክት ወደ ፍርድ በአንድ ቃል መዝለል አይገባም። «የፍካቱ ድምቀት ቀነሰ» የልኬት ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ንብርብሩ ፈረሰ» የፍርድ ዐረፍተ ነገር ነው። በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ሌላ ምልክት መቆም አለበት።

የሚያበራው ሌዘር ቀለምም የሚታየውን ይወስናል። በ532 ናኖሜትር አረንጓዴ ብርሃን የሚመረምር ሰው የእርሳስ አዮዳይድን ፍካት ላያይ ይችላል፤ ይህ ቁስ አጥብቆ የሚወስደው ከ520 ናኖሜትር ገደማ ያጠረ ሞገድን ነውና። በ405 ናኖሜትር ወይን ጠጅ ብርሃን ሲበራበት ሊፈካ ይችላል፤ ያም ቢሆን በክፍል ሙቀት ፍካቱ ደካማ ነው። የእርሳስ አዮዳይድ ጉብታ አለመታየቱ የእርሳስ አዮዳይድ አለመኖሩን አያረጋግጥም ማለት ነው። ለዚህ የኤክስሬይ ወይም የብርሃን መምጠጥ ምርመራ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ መመርመሪያው ብርሃን ራሱ ቁሱን ሊለውጠው ይችላል። አዮዳይድና ብሮማይድን የሚያለያየው ብርሃን ፍካቱን ለማየት የሚበራው ብርሃን ነው። በዚህ ምክንያት የብርሃኑ ጥንካሬ፣ የቆየበት ጊዜና ናሙናው የነበረበት አየር በዘገባው ውስጥ ካልተጻፉ የፍካቱ ቁጥር ብቻውን ሊተረጎም አይችልም።

7. የስያሜው ምርጫ

ለጥቅሉ ክስተት ሌላ አማራጭ «ዝቅጠት» ሊሆን ይችል ነበር፤ ስለ ሥነ ምግባር በሚጻፉ ጽሑፎች ዘንድ ታውቋል። በኬሚስትሪ ግን «ዝቃጭ» ከፈሳሽ ውስጥ ወደ ታች የሚወርድ ጠጣር ነው። የእርሳስ አዮዳይድ ደግሞ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የታወቀ ቢጫ ዝቃጭ ነው፤ የእርሳስ ናይትሬትና የፖታሲየም አዮዳይድ ሙሙቶች ሲቀላቀሉ ይገኛል። የመፈራረስ ውጤት ዝቃጭ ሆኖ በሚታወቅበት ቦታ መፈራረሱን «ዝቅጠት» ማለት ሁለቱን ያምታታል።

ሁለተኛው አማራጭ መዋስ ነው። እንደ ፎቶን፣ ሌዘር፣ ስፔክትረምና ፔሮቭስካይት ያሉ የነገር ስሞች በውሰት ቢገቡ አይጎዱም፤ በአማርኛ የስም ሥርዓት «የ»፣ «-ኡ»፣ «-ኦች» ይዘው ይሠራሉ። የለውጥ ስም ሲዋስ ግን ሌላ ችግር ይመጣል። «ዲግሬድ አደረገ» ሲባል ረዳቱ ግሥ አድራጊውንና ተደራጊውን አይለይም፤ በንግግር «ንብርብሩ ዲግሬድ አደረገ» እና «ብርሃኑ ንብርብሩን ዲግሬድ አደረገው» ጎን ለጎን ይሰማሉ። የአማርኛ ግሥ ግን ይህን በርባታው ይሸከመዋል። «ደከመ» የንብርብሩን ሁኔታ፣ «አደከመ» የመንስኤውን ሥራ፣ «ተዳከመ» ቀስ በቀስ የመጣውን ይይዛሉ። «ፈረሰ»፣ «አፈረሰ»፣ «ተፈራረሰ» እንዲሁ ናቸው፤ የመጨረሻው በድርብ ቅርጹ ክፍል በክፍል መበተንን ያሳያል። ከላይ የተገለጸው የኦክስጅን ጥቃት የሚፈልገው ይህን ዓይነቱን ልዩነት ነው። በመደበኛ ጽሑፍ ቅጽል ሲያስፈልግ «ተመላሽ» እና «ኢተመላሽ» ሊያገለግሉ ይችላሉ፤ «ኢ-» ከግእዝ መጥቶ በ«ኢሰብአዊ» እና በ«ኢፍትሐዊ» ዘንድ የተለመደ አፍራሽ ቅጥያ ነው።

ልዩነቱ በአንድ ምሳሌ ሊታይ ይችላል። ለማስረጃ ያህል የተዘጋጀ ዘገባ «ናሙናው ብርሃን ሲያርፍበት ተበላሸ፤ ማንጸባረቁም ቀነሰ» ቢል፣ አንባቢው የሚያየው የተጣለ ዕቃና የደበዘዘ መስተዋት ነው። ያው ዘገባ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ናሙናው በናይትሮጅን ውስጥ ሆኖ ሲበራበት በቀድሞው አናት የነበረው የፍካት ድምቀት ቀነሰ፤ በ740 ናኖሜትርም ሁለተኛ ጉብታ በቀለ። ጨለማ ውስጥ ካረፈ በኋላ ሁለተኛው ጉብታ ጠፋ፤ የቀድሞው አናትና ድምቀትም ተመለሱ። ስለዚህ ናሙናው ደከመ እንጂ አልፈረሰም።» ሁለተኛው ጽሑፍ ይረዝማል፤ ግን አንድም ለባለሙያ ብቻ የተተወ ግሥ የለበትም።

8. ማጠቃለያ

የፔሮቭስካይት ሴል ዕድሜ በብዛት የሚቆጠረው ብቃቱ ከመነሻው ወደ 80 በመቶ እስኪወርድ ባለው ጊዜ ነው። ከወረደው ውስጥ ምን ያህሉ ሌሊት በጨለማ እንደሚመለስ ካልታወቀ ይህ ቁጥር ራሱ ሁለት ትርጉም አለው። ሳያቋርጥ በሚበራ መብራት ሥር የተፈተሸ ሴልና ቀን ከሌሊት በሚፈራረቅበት ጣሪያ ላይ የዋለ ሴል የተለያየ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። ይህን የሚያነብ መምህር፣ የጥራት መርማሪ ወይም ገዢ ልዩነቱን በቋንቋው የማግኘት መብት አለው።

ለትግርኛ፣ ለኦሮምኛ፣ ለሶማሊኛ ወይም ለስዋሂሊ ተመሳሳይ ስያሜ የሚያዘጋጅ ባለሙያ እነዚህን አራት የአማርኛ ግሦች እንዲተረጉም አይጠበቅበትም፤ እህል የሚነቅዝበትና ልብስ የሚወይብበት መንገድ በየቋንቋው በሌላ ግሥ ይነገራልና። ይዞ የሚሄደው አራቱን ጥያቄዎች ነው። ለውጡ ሲያርፍ ይመለሳልን? ከአንድ ስፍራ ጀመረ ወይስ በሁሉም ላይ ሆነ? ቁሱ ያው ነው ወይስ ሌላ ቁስ ሆኗል? ዓይን የሚያየው ምንድን ነው፣ መሣሪያውስ ከዚያ በፊት ምን አየ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የተለያየ መልስ የሚሰጡ ግሦች በቋንቋው ውስጥ ሲገኙ፣ አዲሱ ቁስ ስሙ የውጭ ቢሆንም ጠባዩ በአገር ቋንቋ ሊነገር ይችላል።